ክላቹ ላይ የወረደው አመዳይ

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ ያንን የክላቹን ነገር ንገሪን፣ ፕሊስ» እያሉ ስለጨቀጨቁኝ ነው እንጂ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ አምኜ አላውቅም፣ ሰው «ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ» ሲለኝ «እንቅልፍ ይሻልሃል ልጄ» ብዬ የማልፍ ሴት ነኝ፣ የትምህርት ቤት ደጅ ባልረግጥም ዓይኔንና ጆሮዬን አውቃቸዋለሁ።

ልጄ ግርማ ሚኒሶታ ሲኖር በረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር መጠገን ተማረ፣ ወደ አትላንታ ሲዛወርም ሙያውን ይዞት መጣ። «በረዶ በሌለበት አገር?» ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም ብዬው ነበር፣ ግን በረዶ አገር ያሉ ደንበኞቹ ያለቀ ክላቻቸውን በፖስታ ይልኩለታል፣ እሱ አቮንዴል እስቴትስ ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ይፈታዋል፣ ያረጀውን ሞላና ቦኮላ የሚሉትን ቀለበት ይቀይራል፣ መልሶ ይገጥመዋል። የኔ ሥራ ማጠብ ነው።

ክላቹ ቺንጋ የሚሉትን የጎማ ቀበቶ የሚጨብጡ ሁለት የብረት ሳህኖች አሉት፣ እንደ እንዝርት ይሾራሉ፣ እንዝርት ያሾረች ሴት ደግሞ ታውቃለች፣ ሚዛኑ ትንሽ ከሳተ ይንገዳገዳል። ስለዚህ ግርማ ከመፍታቱ በፊት ሁለቱም ላይ ነጭ መስመር ያሰምራል፣ ሲገጥም መስመር ለመስመር ያገናኛቸዋል።

«እማዬ፣ የፈለግሽውን እጠቢ፣ ነጩን ብቻ እንዳትነኪብኝ፣ እሱ ከጠፋ ክላቹ እየተንቀጠቀጠ ይፈነዳል» ይለኛል።

ያን ቀን ሐምሌ ነው፣ እኩለ ቀን፣ ሙቀቱ ለጉድ ነው፣ ግርማ ኮሌጅ ፓርክ፣ አየር ማረፊያው ድረስ መንገደኛ ሊያደርስ ሄዷል፣ ጠረጴዛው ላይ የአንድ አላስካ ያለ ሰው ክላች ተፈትቶ ተቀምጧል። ስለ ሰውዬው ጠዋት ነግሮኛል፣ ቤቱ መኪና አይደርስም፣ በረዶ ከጣለ ሐኪም ቤት የምታደርሰው ያቺ ሞተር ብቻ ናት፣ ሚስቱ ደግሞ እርጉዝ ናት። እኔ እሷን እያሰብኩ፣ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» እያልኩ ስፈትግ፣ ስፈትግ፣ ነጩ መስመር ተፍቆ ጨርቄ ላይ ቀረ፣ ጨርቁ ከነነጩ እስከዛሬ ሳጥኔ ውስጥ አለ።

እመኑኝ፣ መስመሩ የት እንደነበር ጠፋኝ። ሳህኖቹን ባገላብጣቸው ባዞራቸው በሁሉም በኩል አንድ ናቸው። ያቺ ምስኪን ምጧ መጥቶ በበረዶ መሀል ስትቀር ታየችኝ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ «እመቤቴ፣ እጄ ያጠፋውን አንቺ አሳዪኝ» አልኩ።

መጀመሪያ ድምፅ ሰማሁ። ቅርጭጭ፣ ቅርጭጭ፣ ሰው ውርጭ የመታው ሣር ላይ ሲራመድ እንደሚሰማው፣ ደብረ ብርሃን ያደገ ያውቀዋል። ወደ ውጭ አየሁ፣ ማንም የለም፣ አስፋልቱ በፀሐይ ይንቀለቀላል። ድምፁ እየቀረበ መጥቶ ጠረጴዛው አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ትንፋሼ እንደ ጉም ወጣ፣ በዚያ ሙቀት! ሁለቱ ሳህኖች ላይ አመዳይ ወረደ፣ ስስ፣ ነጭ፣ የሚያምር፣ ብፈራም ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። ወዲያው ቀለጠ፣ ከየሳህኑ ጠርዝ ላይ ግን ጥፍር የምታክል አመዳይ ሳትቀልጥ ቀረች። በስመ አብ ብዬ አማተብኩና የልጅ ልጄን የቤዛን ቀይ የጥፍር ቀለም አምጥቼ ከሥራቸው ምልክት አደረግኩ። እንደጨረስኩ እነሱም ቀለጡ።

ግርማ ሲመለስ ጎንበስ ብሎ አየ።

«እማዬ፣ ይሄ ቀይ ምንድነው?»

«ምልክቱ ደብዝዞ ነበር፣ አደመቅኩት» አልኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«ምልክት ነበረው? አንቺ እኮ ከኔ የባስሽ መካኒክ ነሽ!» ብሎ ሳቀ።

ገጠመው፣ መሞከሪያው ላይ አስሮ አሾረው፣ አጠገቡ ያለው የውሃ ብርጭቆ እንኳ አልተነቃነቀም። ላከው። በጥር ሰውዬው ፎቶ ላከልን፣ ሚስቱ ያቺ ሞተር ላይ ተቀምጣ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለች ሕፃን ታቅፋ።

ስንት ዓመት አፌን ዘግቼ ኖርኩ፣ ባለፈው ፋሲካ ግን ማዕድ ላይ ለግርማ ተናዘዝኩ፣ «ነጩን መስመርህን አጥፍቼብህ ነበር» አልኩት።

የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ።

«የትኛውን መስመር እማዬ? ያንን ክላች እኮ ሰውዬው ራሱ ፈታትቶ ነው የላከው፣ ምንም ምልክት አልነበረውም፣ እኔም አላሰመርኩበትም። ያን ቀን ማታ፣ ያንቺን ቀይ ምልክት ባላገኝ፣ አይሠራም ብዬ ልመልስለት ነበር።»