ኦልድ ፋሽንድ በሩም

«ውስኪ አልቋል» አለ ባርማኑ።

ከከሚሴው ሆቴል ባንኮኒ ማዶ ያለው ሰውዬ ቀና አለ። ባርማኑ የሚሰልልለት መሥሪያ ቤት «ግመሉ» ይለዋል። ከባቲ በረሃ ጠመንጃ የሚያሻግር፣ የገዛ ጥላውን ሳይፈትሽ የማያስከትል ሰው ነው።

«ታዲያ ኦልድ ፋሽንድ ኮክቴሌስ?»

«በሩም ልሥራልዎት። ካልጣመዎት ይድፉት።»

ውስኪውን ጠዋት የደፋው ራሱ ባርማኑ ነው። ውስኪ ሰውን ያነቃል፤ ሩም ግን እያባበለ ይገባል። ይቺን ብልሃት ከከሚሴ እስከ ካይሮ የደረሰባት ሰላይ የለም።

የሽፋን ስሙ ኤልያስ። የምስጢር ስሙ «ቦርከና»። እናቱ ያወጡለት ጀይሉ። ልጅ ሳለ ከጨፋ የወጣ የሼህ ልጅ ነው፤ መጠጥ ከንፈሩን ነክቶት አያውቅም። የሚቀምመው በአፍንጫው ነው። ስኳሩን ደቆሰ። መጠጡ የሚፈልገው መራራ ጠብታ እዚህ ስለማይገኝ ጌሾ በሩም ዘፍዝፎ የሠራውን ጠብ አደረገበት። በረዶ። ሩም፣ ያውም ድርብ። የብርቱካን ልጣጭ ጠምዘዝ ሲያደርግበት መዓዛው ኮምቦልቻ ላይ መኪና አስቁሟል።

ግመሉ ጠጣ። ደገመ። አንደበቱ ተፈታ።

«ዕቃው ዛሬ በሰንበቴ ከተማ ያልፋል» አለ እየሳቀ። «በጎች በጫነ መኪና፣ ከበጎቹ እግር ሥር።»

ይቺን ነበር የሚፈልጋት።

በሩ ተከፈተ።

ኸይሩ ገባ። ጀይሉን የመለመለው አለቃው ነው። እዚህ መምጣት አልነበረበትም።

ከግመሉ ጎን ተቀመጠ። «ባርማንህ ሰላይ ነው» አለው። «የዚሁ አገር የሼህ ልጅ ነው። ሲገድሉት አይጠጣም። አጠጣው።»

ተሸጠ።

ግመሉ ሽጉጡን ባንኮኒው ላይ አኖረ። ብርጭቆውን ገፋለት።

የጓዳው በር ተገፋ። ለሆቴሉ ወተት የሚያመጡት የጀይሉ አክስት ዓፊያ ናቸው። እናቱ ሲሞቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በመጡ ቁጥር መጋዘን እየገባ ሲደበቃቸው ኖሯል።

«እናቴ» አለ ኸይሩ ፈገግ ብሎ፣ «ይሄን ልጅ ያውቁታል?»

ዓፊያ አዩት።

አወቁት።

በወሎ ታላቅን «አንቺ» ማለት ነውር ነው። ጀይሉ እሳቸውን ከ«አንቱ» አውርዶ አያውቅም።

«አንቺ ምን ያፈጥሻል?» አላቸው። «ወተትሽን አስቀምጪና ውጪ።»

ብርጭቆውን አንስቶ ጨለጠው።

ጣፈጠው። ይበልጥ ያሳፈረው ይሄ ነው።

ዓፊያ ሻሻቸውን ሳብ አደረጉ። «አስተግፊሩላህ። የኛ ልጅ እንዲህ አያረግም፣ ያ ወንድሜ። ይሄን አላውቀውም።»

አድነውት ይሁን ክደውት፣ እስከ ዛሬ አልገባውም።

የሽጉጡ አፈሙዝ ወደ ኸይሩ ዞረ። «ስለ ሰላይ ይሄን ያህል የምታውቅ አንተ ማነህ?» አለ ግመሉ። እያዳፋ ይዞት ወጣ።

ጀይሉ ስልኩን አንስቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ ደወለ።

አመሻሹ ላይ ሰንበቴ ከበጎች እግር ሥር አንድ ክፍለ ጦር የሚያስታጥቅ ጠመንጃ ወጣ። ግመሉና ኸይሩ በአንድ ካቴና ታሰሩ።

«ምን እንሸልምህ?» አለው በስልክ ከአዲስ አበባ የተመደበለት አዲሱ አለቃ።

«አንድ ሰው ለአክስቴ እውነቱን ይንገርልኝ።»

«ሽፋን አይገለጥም። ሌላ ጠይቅ።»

ሌላ አልጠየቀም።

በዚያው ምሽት በአራተኛ ስም ሚኒባስ ተሳፈረ። ጨፋን ሲያልፉ ጎኑ የተቀመጡት ሽማግሌ ዞረው በኦሮምኛ ሰላም አሉት።

«አካም ጂርታ፣ ልጄ? የማን ልጅ ነህ?»

«የዚህ አገር ሰው አይደለሁም አባቴ» አለ።

የትንፋሹ የሩም ሽታ ደረሳቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።