ፀሐይ በጸሎቱ ጸ

ሰውየው ዘግይቷል።

አራት ደቂቃ። በዚህ ሥራ ሁለት ደቂቃ ካለፈ ቦታውን ጥሎ መሄድ ሕግ ነው። መርፌ ሕጉን አሳምራ ታውቃለች። አልሄደችም። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ቆማ አንድ መታወቂያ ለሦስተኛ ጊዜ ታስባዛለች። ባለ ማሽኑ ገላመጣት።

«እህቴ፣ ስንት ኮፒ ነው የሚበቃሽ?»

«ቢሮ ምን ይታመናል። ጨምርልኝ።»

በሩ ተከፈተ። አጎት ገባ።

የሥጋ አጎቷ አይደለም። ከስለላ ማዕከሉ ትእዛዝ የሚያመጣላት፣ እሷ የሰበሰበችውን የሚወስድላት ሰው ነው። መርፌም የምስጢር ስሟ ነው። ለሚያያቸው ግን ምስኪን አጎትና የወንድሙ ልጅ ናቸው።

«አጎቴ፣ ቆዩብኝ እኮ።»

«መንገዱ ተዘጋግቶ ነው። እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። እግሯን ብቻ ትንሽ ያማታል።»

እግር ማለት ክትትል ነው። ትንሽ ማለት ማንም አልተከተለኝም፣ ልቤ ግን አላረፈም ማለት ነው። አጎት የተባዛውን ወረቀት አነሳ፣ አየው፣ መለሰላት። ሲመልስ በመሃሉ ከጥፍር የማይበልጥ ፍላሽ ነበረበት።

«ዛሬ ከስድስት ሰዓት በፊት ይግባ» አላት በለሆሳስ። «እንዳለ። አንዲት ፊደል እንዳትነኪ።»

ወጣ። እሷ ያንን የመጨረሻ ቃል ይዛ ቀረች። በሰባት ወር ውስጥ «እንዳትነኪ» ብሏት አያውቅም። አጎት ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው ማብራትና ማጥፋት ነው፤ ያም ሲሳካለት። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ፊደል ምን አስጨነቀው?

ፍላሿን ከአንገት መታወቂያዋ ሽፋን ሥር ሸጉጣ ወደ ሥራዋ ገሰገሰች።

በምትሰልለው መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰርቨር ቴክኒሻን ናት። ሥራዋን ትወደዋለች፤ ያ ደግሞ ለሰላይ ጥሩ አይደለም። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን የሕንፃው ኮምፒውተር ሁሉ እየተንፏቀቀ ሠራተኛው ምርር ብሎታል። ምክንያቱ ፀሐይ የምትባል አንዲት ፕሮግራም ናት። አለቆቹ «ማሽናችን ላይ ያለው ሁሉ በገዛ ፊደላችን ይጻፍ» ስላሉ ስሟም እንደዚያው ተጽፏል። ፀሐይ ፕሮሰሰሩን ጠቅልላ ይዛ ለሌላው ፍርፋሪ ትጥላለች። ሥራዋ ከማዕከሉ የተሰረቀ ፋይል ቁልፍ መስበር ነው። ፋይሉ ውስጥ የአርባ አንድ ሰው ስም አለ፤ ሁሉም በድብቅ ለማዕከሉ የሚሠሩ።

ከአርባ አንዱ አንዱ ታናሽ ወንድሟ ነው። ያስገባችው ራሷ ናት። «ቀላል ሥራ ነው፣ ምንም አይደርስብህም» ብላው ነበር። ይህን ባሰበች ቁጥር ምላሷን መንቀል ያምራታል።

ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ዘጠና ስምንት በመቶ ደርሳለች። ስምንት ሰዓት ላይ ትጨርሳለች።

መሃል ላይ ከተቋረጠች ግን የሠራችው ሁሉ ይጠፋል፤ ከዜሮ ትጀምራለች። ሦስት ሳምንት ደግሞ አርባ አንድ ሰው ለማሸሽ ይበቃል። በእጅ ለማጥፋት አንድ መስመር ትእዛዝ በቂ ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ትእዛዝ በጻፈው ሰው ስም ይመዘገባል፤ መዝገቡም የጥበቃ ኃላፊው ፊት ይበራል። ብትያዝና ብትመረመር አርባውን ስም አታውቅም። አንዱን ግን ታውቃለች።

መውጫውን የሰጧት አለቆቹ ራሳቸው ናቸው። ፕሮሰሰር ጠቅልሎ የሚይዝ ፕሮግራምን በራሱ ፈልጎ በራሱ የሚገድል ስክሪፕት፣ አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ፣ እንድትሠራ አዘዟት፤ የማይነኩ ፕሮግራሞች ዝርዝር ይኑረው፣ ፀሐይም በዝርዝሩ ትግባ ብለው። ማዕከሉም ፀሐይን የሚምር መስሎ የሚገድላት ስክሪፕት አዘጋጅቶ በአጎት በኩል ሊልክላት ተስማማ።

ከኔትወርክ በተነጠለ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ፍላሿን ከፈተች። መስመር በመስመር አነበበች። ዘዴውን ፈለገች። ዘዴ የለም። ስክሪፕቱ ፀሐይን ከልቡ ይምራታል።

የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ደግማ አነበበችው። ፀሐይ ስትጨርስ በጥበቃ ኃላፊው ማተሚያ ላይ አንድ ስም ይታተም ይላል።

እናቷ ያወጣችላት ስም።

ያንን ስም ከእናቷና ከወንድሟ ሌላ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው። አጎት መጀመሪያ ዝርዝሩን ሸጧል፤ ስሟን ደግሞ ርክክቡ ሲያበቃ ምርቃት አድርጎ ሊሰጥ ኖሯል።

አሁኑኑ ብትጠፋ ራሷን ታድናለች። ወንድሟ ግን ስምንት ሰዓት ላይ አለቀለት። ሰዓቷን አየች። አምስት ከሃያ።

ተነስታ ቆመች። ተቀመጠች። መጻፍ ጀመረች።

ሃያ ሁለት መስመር። በየደቂቃው ተነስተህ ማን ፕሮሰሰሩን እንደያዘ እይ። ከሰማንያ በመቶ በላይ አምስት ደቂቃ የያዘ ካለ ስሙን ከማይነኩት ጋር አመሳክር። ከሌለበት በጨዋ ደንብ «ጨርስና ውጣ» በለው። በአሥር ሴኮንድ ካልወጣ ግደለው።

የማይነኩት ዝርዝር ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ከዚያ «ጸሐይ» ብላ ጻፈች።

በፀሐዩ ፀ ሳይሆን በጸሎቱ ጸ። ጆሮ አይለያቸውም። ማሽን ግን ጆሮ የለውም፤ ለእሱ ሁለቱ የማይተዋወቁ ምልክቶች ናቸው።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። አራሚው።

የማሽን ክፍሉ ኃላፊ እዚህ ሳይመጣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጽሑፍ አርሟል። ስሙ ከዚያ የመጣ ነው። የሰርግ ጥሪ ሲደርሰው ሳይቀር መጀመሪያ ግድፈቱን አርሞ ነው ቀኑን የሚያየው ይሉታል። ማንኛውም ስክሪፕት በወረቀት ታትሞ እሱ ካላነበበው አይገባም።

የጥበቃ ኃላፊውም አብሮ ጠበቃት። ሠራተኛው «ካሜራው» ይለዋል፤ ምንም ነገር አያመልጠውማ። ወረቀቱን ነጥቆ አነበበ።

«ፀሐይ የታለች?»

«እዚህ ጋ ናት።»

ጮክ ብሎ አነበባት። «ፀሐይ። ጥሩ።» ወረቀቱን ለአራሚው አቀበለ። «በሉ ጋሼ፣ እርስዎም ይዩልኝ።»

አራሚው ቀይ እስክሪብቶውን ከፍቶ ወረደ። ፈጣን አንባቢ ነው። ዝርዝሩ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

የካሜራው ስልክ ጠራ። ወደ ኮሪደሩ ወጣ። በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ።

«በጸሎቱ ጸ ነው የጻፍሽው» አለ አራሚው፣ ቀና ሳይል።

ዓይኗን ወደ ገርበብ ያለው በር ላከች።

«የስም ዝርዝር እየተከፈተ እንደሆነ አውቃለሁ። እንቅልፍ ካጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው።» አሁን ቀና አለ። «እዚያ ውስጥ ማን አለሽ?»

ሰባት ወር ሙሉ አንድ እውነት ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። መዋሸት ትችል ነበር። ሰለቻት። ፈራች። ሁለቱም አንድ ላይ መጡባት።

«ወንድሜ።»

«ታላቅ?»

«ታናሽ።»

በሩ ተከፈተ። ካሜራው ተመለሰ።

«እህ፣ ጋሼ?»

«ስህተት አለበት» አለ አራሚው።

መርፌ ጠረጴዛውን ያዘች።

«ምን ዓይነት ስህተት?»

«የፊደል። የዘንድሮ ልጆች ፊደል አያውቁም። ዝርዝሩን ራሴ እተይበዋለሁ።»

በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ ተቀመጠ። በሁለት ጣቱ ነው የሚተይበው። ቀና ይላል፣ ጎንበስ ይላል። ከቆመችበት ማያ ገጹ አይታያትም። ሲጨርስ ወረቀቱን መቆራረጫ ማሽኑ ውስጥ ከተተው፤ የተነበበ ወረቀት ማጥፋት የክፍሉ ደንብ ነው። ፈረመ።

«ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ይሥራ» አለ ካሜራው፤ ሄደ።

አራሚው ሳያያት የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ማዕዘኑ ዞረ። ምን እንደጻፈ ለመጠየቅ አፏን ከፈተች። ጣሪያው ላይ ያለው የድምፅ መቅጃ ትዝ አላትና ዘጋችው። ቅድም መቅጃውን እንዴት እንደረሳችው ሲገባት ደነገጠች፤ ያቺ «ወንድሜ» ያለቻት ቃል ከሰርቨሮቹ ጩኸት በላይ ተሰምታ ይሆን?

ስድስት ሰዓት።

ስክሪፕቱ ነቃ። ፀሐይን አየ። ዘጠና ስድስት በመቶ ፕሮሰሰር ይዛለች። መዘገበ።

ስድስት ከሁለት።

ኮሪደሩ ላይ የእግር ኮቴ። አለፈ።

ስድስት ከአራት።

በፀሐዩ ፀ ከጻፈው ሁሉም ነገር አበቃ። ወንድሟ አሁን ምሳ እየበላ ይሆናል። ሲበላ ይቸኩላል፤ ሁሌም ይቆጡት ነበር።

ስድስት ከአምስት።

ማያ ገጹ ላይ አንድ መስመር ወጣ። ከማይነኩት ውስጥ አልተገኘም።

ጨርስና ውጣ።

አሥር። ዘጠኝ። ስምንት። ፀሐይ አልወጣችም።

ተገደለ።

ሦስት ሳምንት ያለ ዕረፍት ሲጮሁ የነበሩት ማቀዝቀዣዎች አንድ በአንድ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ስልክ ጮኸ። ከሁለተኛ ፎቅ ነው።

«ኮምፒውተራችን በረረልን እኮ። እጃችሁ ይባረክ።»

«አሜን» አለች መርፌ።

ካሜራው ከሁለት ጠባቂዎች ጋር ገባ። ዝርዝሩን አስከፍቶ አነበበ።

«ይኸው ተጽፋለች እኮ። ለምን ሞተች?»

«በጸሎቱ ጸ ተጽፋ ነው» አለ አራሚው ከማዕዘኑ። «በፀሐዩ ፀ መሆን ነበረባት። የተየብኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሟል።»

«ሠላሳ ዓመት ፊደል ለቅመህ ፀሐይን መጻፍ አቃተህ?»

አንቱታው ቀረ። አራሚው የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

«ሰው ያረጃል» አለ።

ወሰዱት። በአጠገቧ ሲያልፍ ቀና ብሎም አላያት። «እኔ ነኝ» ማለት ትችል ነበር። ሁለት ቃል ናት። ካለች ግን ምርመራ፤ ከምርመራ በኋላ ወንድሟ። ካሜራው ፀሐይን ከዜሮ እንድታስነሳ ሲያዛት እንኳ «እሺ ጌታዬ» ብላ አስነሳች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ራሷን የጠላችበት ቀን የለም።

በአሥራ አንድ ሰዓት እንደማንኛውም ሠራተኛ ፈርማ ወጣች። ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ፍላሿን አጎት በማያውቀው የአደጋ ጊዜ አድራሻ ለማዕከሉ ላከች። በሦስተኛው ቀን የአጎት ስልክ መነሳት አቆመ። በአሥረኛው ቀን ከአርባ አንዱ የመጨረሻው ሰው ድንበር መሻገሩን ነገሯት። ወንድሟ አዲስ ስም ተሰጥቶታል። ስሙን አልነገሯትም፤ አልጠየቀችም።

ሌላ ነገር ግን ጠየቀች። ከአውቶቡስ መናኸሪያ፣ በሰው ስልክ።

«ሽማግሌውስ? እሱን የምታወጡት መቼ ነው?»

ከወዲያ በኩል የማዕከሉ ሴትዮ ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማት።

«የእኛ ሰው አይደለም።»

«አርባ አንዱንም ያዳነው እሱ ነው።»

«ገብቶኛል። ግን መዝገባችን ላይ የለም። የሌለ ሰው ማውጣት አንችልም።»

ስልኩ ተዘጋ። ለባለቤቱ መለሰችለት፣ አመሰገነችው። ተሳፋሪ አስመዝጋቢው ስሟን ጠየቃት። ጠዋት የተሰጣትን ስም ነገረችው፤ እሱም ጽፎ የመስኮት በኩል ወንበር ሰጣት።