ከግድቡ ሥር ውዱእ ያደረጉት ሽማግሌ

ጂን አየሁ ለሚለኝ ሰው ሁሉ «መጀመሪያ እንቅልፍህን ጨርስ» የምል ሰው ነኝ፣ ወላሂ፣ አሁንም ጂን ነው አልወጣኝም፣ የሆነውን ብቻ ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ከቡታጅራ ወጣ ብሎ የራሴ የአፈር ግድብ አለችኝ፣ ትንሽ ናት፣ ክረምት ያጠራቀመችውን በጋ ለሽንኩርቴና ለቃሪያዬ ትሰጣለች። ከሥሯ፣ መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ የወንድሜ የከድር ቤት አለ። ከዓመታት በፊት አፈሩን ይይዝልኛል ብዬ ግድቧ ላይ ባህር ዛፍ ተከልኩ፣ ሲያድግ ደግሞ እንደ አገራችን ሰው አጣናውን ቆርጬ ሸጥኩ፣ እንዳያቆጠቁጥም ጉቶውን አቃጠልኩት። ሥሩ ከውስጥ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ እንደሚከፍት ማን ነግሮኝ!

ነሐሴ ላይ ነው፣ ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ዘንቦ ግድቧ ጢም ብላለች፣ ጠዋት አባርቶ ነበርና ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ላያት ወጣሁ። ውሃ ሲንቆረቆር ሰማሁ፣ ቀስ ብሎ፣ ከማንቆርቆሪያ እንደሚቀዳ ዓይነት፣ ቁልቁል ሳይ ያረጀ ካፖርት የደረቡ ሽማግሌ በደረቁ በኩል ቁጢጥ ብለው ለሶላት እየታጠቡ ውዱእ ያደርጋሉ፣ ማንቆርቆሪያ ግን አልያዙም።

«አሰላሙ አለይኩም! አባባ፣ እዚያ እኮ ውሃ የለም፣ ከላይ ይምጡ!» አልኳቸው።

ሰላምታ የማይመልስ ሽማግሌ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፣ ተናድጄ ወረድኩ። ስደርስ ማንም የለም፣ እመነኝ፣ ረጅሙ ሣር እንኳ አልተረገጠም። እሳቸው የነበሩበት ጉቶ ሥር ግን ክንድ የሚያህል ውሃ ይፈልቃል፣ ቀይ፣ ድፍርስ። ጥርት ያለ ቢሆን ያን ያህል ባልደነገጥኩ፣ ድፍርስ ከሆነ ግን የግድቧን አፈር ከሆዷ እያጠበ ነው ማለት ነው።

ወደ ከድር ቤት ሮጥኩ። እሱ ገበያ ነው፣ ሚስቱ ዘይነባና አራቱ ልጆች ግን ቤት መሆናቸውን አውቃለሁ። በሩ ክፍት ነው፣ ምድጃው ጠፍቷል፣ ሰው የለም፣ ፍራሾቹም የሉም። «ዘይነባ!» ብዬ የጮህኩት ጩኸት ለራሴም አስፈራኝ።

«እዚህ ነን!» አለችኝ ከኮረብታው ላይ። ቀና ስል አራቱም ልጆች ፍራሽ ላይ ተደርድረው ቆሎ ይበላሉ፣ ጥጃዋም አጠገባቸው ታስራለች። እዚያው ጭቃው ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

«አንተ አይደለህ እንዴ የላክኻቸው?» አለችኝ።

«ማንን?»

«ካፖርት የለበሱትን አባባ። ገና ምሳ ሳንበላ መጡና ልጆቹን ይዘሽ ውጪ አሉኝ፣ አንተ የላክኻቸው መስሎኝ ወጣሁ።»

ማንንም አልላክሁም፣ በምሳ ሰዓት እኔ ራሴ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ዶማና አካፋ ይዞ፣ በግድቧ ጎን ጠንካራው መሬት ላይ ቦይ ቀደን እስኪመሽ ውሃውን አስተነፈስነው። ከቦዩ በታች የነበረው ጎመኔ ተጠርጎ ሄደ፣ ይሂድ፣ አንድ ሰው አልተጎዳም፣ አልሃምዱሊላህ! በጋውን ጉቶውን ሁሉ ከነሥሩ ነቅለን፣ አፈሩን እየጠቀጠቅን ሞላነው፣ የወረዳው ባለሙያም አይቶ «አሁን ደህና ናት» አለን። እኔም ደህና እተኛለሁ፣ ዘይነባም ቤቷ ገብታለች።

ከገባች በኋላ ነው ታዲያ አንድ ነገር የነገረችኝ። ሽማግሌው ያን ቀን ሊሄዱ ሲሉ «እኔ ራሴ መጥቼ ግቡ እስክላችሁ ድረስ እንዳትመለሱ» ብለዋት ነበር።

እስካሁን አልመጡም።