ለማን አይሰጥም?

«ፕሮፕራኖሎል ለማን አይሰጥም?» አለቻት የክፍል ጓደኛዋ ቦንቱ።

መክሊት ግንባሯን የሚኒባሱ መስኮት ላይ አስደገፈች። ከሲቀላ ኮሌጁ ወዳለበት ሴቻ የሚወጣውን ዳገት ተያይዘውታል። በነርሲንግ ትምህርቷ እንደ ፋርማኮሎጂ ያስለቀሳት የለም። ባለፈው ወድቃለች፤ ዛሬም ድጋሚ ፈተናውን ከወደቀች ከኮሌጁ መሰናበቷ ነው።

«አላውቅም! ቦንቱዬ፣ በቃ አለቀልኝ።»

«ኧረ ተረጋጊ! አስም ላለበት ሰው አይሰጥም። ትንፋሹን ያፍነዋል።»

መክሊት ድንገት ቀና አለች። አከራይዋ እትዬ ሻሺቱ አስም አለባቸው። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ጎረቤት የሰጠቻቸውን ክኒን አሳይተዋት ነበር። «ለልብ ምት ፍቱን ነው አለችኝ፤ ቁርስ ቀምሼ እውጠዋለሁ» አሏት። መክሊትም ስሙን አነበበች፤ ፕሮፕራኖሎል ይላል። የምታውቀው ስም ሆኖ ስላገኘችው ደስ ብሏት ወጣች፤ ሌላ አላሰበችም።

ደወለች። ስልካቸው ዝግ ነው። ደግማ ሞከረች።

«ወራጅ አለ!»

«አበድሽ እንዴ? የፈተናው በር ከተዘጋ አያስገቡሽም እኮ!» ቦንቱ ክንዷን ያዘቻት።

«እትዬ ሻሺቱ ሊሞቱ ይችላሉ!»

ቁልቁል ሮጠች። የሚያልፉት ባጃጆች ሁሉ ሙሉ ናቸው። «በዓይኔ አይቼው! በዓይኔ!» እያለች ታለቅሳለች።

ቤት ስትደርስ እትዬ ሻሺቱ የበሩን መቃን ተደግፈዋል፤ ደረታቸው ያፏጫል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። የአስም ፓፋቸውን ደጋግመው ቢስቡም አልረዳቸውም። መክሊት መንገድ ላይ ወጥታ ባጃጅ ፊት ቆመች፤ ሹፌሩ ተሳድቦ ሲያበቃ ሴትዮዋን ደግፎ አስገባላት።

ጤና ጣቢያው እንደደረሱ የመድኃኒቱን ስም ለነርሷ ጮኻ ነገረቻት። ነርሷ ኦክስጅኑን እየገጠመች ሐኪሙን ተጣራች። ከዚያ በኋላ መክሊት ማድረግ የምትችለው ነገር አልነበረም። ግድግዳ ተደግፋ የእትዬ ሻሺቱን ደረት መውጣትና መውረድ ብቻ ታያለች። ፈተናው ተጀምሯል። ከዚያም አለቀ።

እትዬ ሻሺቱ እንደ ምንም ዓይናቸውን ገለጡ። «ልጄ… ፈተናሽስ?»

መክሊት እጃቸውን ያዘች። «ከሰዓት ነው። አይጨነቁ።»

ልጃቸው መጥቶ አጠገባቸው ሲቀመጥ ወጣች። ፋርማኮሎጂ የሚያስተምሯት መምህር ባዘዘው፣ የፈተናውን በር ከዘጉ በኋላ የማንንም ምክንያት ሰምተው አያውቁም። ቦንቱ ስልክ ላይ «መጥተሽ አትልፊ፣ በጣም ተቆጥተዋል» ብላ ጽፋላታለች።

መክሊት ግን ፊቷን በሻሿ ጠረገች። «ሴቻ፣ ሴቻ!» ወደሚለው ረዳት አቅንታ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች።