ትራናን ማን አቆማት?

ቶርግኒ ሃልክቪስት ሞቶ የተገኘው በገዛ እጁ በነደፋት ባለሸራ ጀልባ፣ በትራና ላይ ነበር። የጠረፍ ጠባቂዎች ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሲደርሱባት ሽማግሌው መሪው አጠገብ በግንባሩ ተደፍቷል፤ አናቱ ከኋላ በኩል ተፈንክቷል። ሸራዎቿን አውርደው ወደ ግሮቪክ ወደብ ጎትተው አመጧት። እኩለ ቀን ሳይሆን መንደሩ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ነበር፤ «የሸራው አግዳሚ ምሰሶ ዞሮ መታው። ሰባ ሦስት ዓመቱ አይደል? ዐይኑም ደክሞ ነበር።»

መርማሪዋ ጉድሩን ብራስክ ከከተማ የመጣችው ተናዳ ነው። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ የባሕር ሞት አያስደነግጣትም። ያናደዳት ቀኑ ነበር። በሐምሌ ወር የቶርግኒን ስም የያዘው ፋብሪካ የሠራት አዲስ ጀልባ በማዕበል መሃል ሚዛኗን የሚጠብቀው የታችኛው አከርካሪዋ ተገንጥሎ ተገልብጣ፣ አንድ ወንድምና እኅት ሰጥመዋል። አጣሪው ጉባኤ ሰኞ ይሰየማል፤ የመጀመሪያው ምስክር ቶርግኒ ነበር።

«አፉን ሊከፍት ሁለት ቀን ሲቀረው አናቱን ከፈቱት፤ ምሰሶ ነው ይሉኛል ደግሞ» አለችው የጠረፍ ጠባቂውን አለቃ። «የት እንዳገኛችኋት፣ ሸራዎቿ እንዴት እንደነበሩ ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። ከወደቡ አምስት ማይል ላይ ቆማ ነበር። የፊቱ ሸራ በነፋሱ በኩል ተገልብጦ ታስሯል፣ የመሪው ዘንግም ወደ ማዶ ታስሯል።»

«ለሚስትህም እንዳትነግር።»

ትራና በፋብሪካው መጋዘን ውስጥ ተደግፋ ቆማለች። በ1971 ስትሠራ ፋይበርግላስን፣ በሙጫ የሚደርቀውን የመስታወት ክር፣ ገና የሚያምነው ስላልነበረ ሠሪዎቹ ንብብሩን ሳይሰስቱ ደራርበው ጎኗን ሁለት ጣት ያህል አወፍረውታል። አከርካሪዋ ከአፍንጫዋ ሥር ተነሥቶ እስከ መሪዋ የሚዘልቅ ከአካሏ ጋር የተዋሐደ ነው እንጂ በብሎን የተንጠለጠለ አይደለም። ጉድሩን ወጥታ መሪው ዘንድ ቆመች። አግዳሚውን ምሰሶ ከጎን ወደ ጎን ገፋችው፤ ከአናቷ በላይ አንድ ክንድ ርቆ አለፈ። ቶርግኒ ደግሞ ከእሷ ያጥር ነበር። የገመድ ማጠንጠኛ የነሐስ እጀታዎች የሚቀመጡባቸው ሁለት ኪሶች አሉ፤ አንዱ ባዶ ነው። ስትወርድ እጇን በጀልባዋ ጎን ላይ አሳረፈች። መዳፏ ነጭ ዱቄት ሆነ፤ ሱሪዋ ላይ ጠረገችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ልጁን ዲሳን ነው። በሐምሌ የተገለበጠችውን ጀልባ የነደፈችው እሷ ናት።

«ከአባትሽ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይላሉ።»

«ከሐምሌ ጀምሮ አላናገረኝም። ‹ገዳይ ወረቀት› አለው ንድፌን» አለች ዲሳ፤ ዐይኗ ቀልቷል። «ወረቀቴ ግን አልገደለም!»

«እሺ፤ አንድ ነገር ንገሪኝ። አባትሽ እንደወደቀ ትራና ምን ትሆን ነበር?»

«መንገዷን ትቀጥላላ! አባቴ የነደፋት መሪዋን ለቀው ሾርባ እንዲያሞቁባት ነው። በዚያ ነፋስ ዴንማርክ ዳርቻ ላይ ነው የምትገኘው።»

ሁለተኛው ከሃያ ዓመት በላይ ሙጫና ክር ሲደራርብ የኖረው ሽማግሌ ሂልዲንግ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ቶርግኒ በሰው ፊት ፈሪ ብሎ ሰድቦታል።

«ሰደበኝ፤ ልክ ነበር» አለ ሂልዲንግ። «ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ትራና ብቻዋን ብትቀር የት ትደርሳለች?»

«ዴንማርክ። እንደ ባቡር ናት እኮ! ከአዲሶቹ ትዘገያለች፤ ግን የያዘችውን መስመር አትለቅም። አዲሶቹማ ስታነጥሺ ፊታቸውን ያዞራሉ።»

ሦስተኛው የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ስቴላን ኤክብላድ ነበር። ቡና ጋበዛት፤ እምቢ አለችው።

«ምስኪን ቶርግኒ» አለ። «እነዚያን አሮጌ ጀልባዎች ተው ብንለው... እኔ እንኳ ከወጣትነቴ ወዲህ አልነካኋቸውም።»

«ከወደቀ በኋላ ትራና ምን የሆነች ይመስልሃል?»

«ምን ትሆናለች? አሮጊት አይደለች! አፍንጫዋን ለነፋስ ሰጥታ እንደ ዳክዬ ቁጭ ብላ ጠበቀቻችሁ።»

ጉድሩን ምንም አልጻፈችም። «ቅዳሜ ጠዋት የት ነበርክ?»

«በሞተር ጀልባዬ ወደ ሰሜን፤ ዓሣ ላጠምድ።»

«ያዝክ?»

«ዕድል አልነበረኝም።»

ከእሱ ወጥታ በቀጥታ ወደ ወደቡ ወረደች። የስቴላን ሞተር ጀልባ ጥቁር ሰማያዊ ናት፣ ገና ታብረቀርቃለች። በቀኝ ጎኗ ለግጭት መከላከያ የተንጠለጠለው ጥቁር ጎማ ላይ ግን አንድ ክንድ የሚሆን ነጭ የዱቄት እድፍ ነበር። ጉድሩን በጣቷ ነካችው። ከዚያ ባለሙያ አስጠርታ ናሙና አስወሰደች፤ ጀልባዋንም አሳሸገች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም መጋዘኑ ውስጥ፣ ትራና ሥር ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል።

«ምሰሶው አልገደለውም» አለች። «ከአናቱ በላይ አልፎት ይሄዳል። ይህ አንድ። ሁለተኛ፣ ጀልባዋ ስትገኝ እየሄደች አልነበረም፤ ቆማ ነበር። የፊቱ ሸራ ወደ ኋላ ይገፋታል፣ መሪው ወደ ነፋሱ ይመልሳታል፤ ሁለቱ ሲከራከሩ እሷ ፀጥ ትላለች። ይህን የሚያደርገው የሰው እጅ ነው። ቶርግኒ ራሱ ቢያቆማት ምሰሶው ባልተወዛወዘ። የሞተ ሰው ደግሞ ገመድ አያስርም።»

«ሌላ ሰው ነበር ማለት ነው» አለች ዲሳ በሹክሹክታ።

«ነበር። መውረድ ነበረበት፤ በሰዓት ስድስት ማይል ከምትሮጥ ጀልባ ወደ ትንሽ ጀልባ መሸጋገር ግን ራስን መግደል ነው። ስለዚህ አቆማት። ከወረደ በኋላ እንደገና ሊያስኬዳት አልቻለም፤ ያንን ገመድ የሚፈታ ሰው እዚያው ላይዋ ላይ ይቀራላ! ያቆመበት ነገር እንዳቆመው ቀረ።» ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «ሦስታችሁንም አንድ ጥያቄ ጠየቅኋችሁ። ይህችን ጀልባ ከእጃቸው መዳፍ በላይ የሚያውቋት ሁለቱ ዴንማርክ ትደርሳለች አሉኝ። ትክክል ናቸው። ቆማ መገኘቷን ግን አላወቁም። ከወጣትነቴ ወዲህ አልነካኋቸውም ያልከው አንተ ብቻ ቁጭ ብላ እንደጠበቀችን ነገርከኝ። ማን ነገረህ?»

«ገመትኩ!» አለ ስቴላን። «በግምት ሰው ይታሰራል?»

ጉድሩን መዳፏን በትራና ጎን ላይ አሻሽታ አፍንጫው ሥር ዘረጋችው። «ሃያ አምስት ዓመት ፀሐይ የበላው ልባስ እንዲህ ዱቄት ይተፋል። ያንተ ጎማ ላይ ያለው ይኸው ነው፤ ናሙናው ተመርምሮ መልሱ ዛሬ ጠዋት ደርሶኛል። የመታህበትን የነሐስ እጀታ ባሕር ውስጥ ጣልከው፤ ዱቄቱን ግን አላየኸውም።»

ስቴላን ፊቱ ደም ለበሰ። «ለመጨረሻ ጊዜ እንነጋገር ብዬ ለመንኩት! ጀልባዬን ከኋላ አስሬ አብሬው ወጣሁ። ጀርባውን ሰጠኝ! ሁለት መቶ ሰው የሚበላበትን በር አንድ ግትር ሽማግሌ ይዝጋው?»

«በሩን የዘጋው እሱ ነው?» ጮኸችበት ጉድሩን። ድምጿ መጋዘኑን አናወጠው። «ሁለት ልጆች ውሃ ጠጥተው ሞቱ፤ እውነቱን ሊናገር የነበረውን ገደልክ፤ አሁን ደግሞ በሠራተኛ ታመካኛለህ? ውሰዱልኝ ይህን!»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ዲሳ አባቷ የነደፋት ጀልባ ላይ ግንባሯን አሳርፋ አለቀሰች። ሂልዲንግ ተጠጋት። ከዚያም «ነገ የአባትሽን የምስክር ቦታ እኔ እይዛለሁ» አለ።

ሰኞ ጠዋት ጉባኤው ፊት ቀረበ። የዲሳን ንድፍ አስዘርግቶ፣ አከርካሪው ከጀልባዋ ሆድ ጋር በሚያያዝበት ቦታ ንድፉ ያዘዘውን ውፍረት ስቴላን እንዳስቀነሰው፣ እሱም እያወቀ እንደታዘዘ፣ ይህንንም ባለፈው ሐሙስ ለቶርግኒ እንደነገረው ተናገረ። ከዚያ ከፊት ወንበር የሟቾቹ አባት ተነሣ። ሰብሳቢው ሊያስቆመው ፈልጎ ተወው።

«ስንት ንብብር ነው የጎደለው?» አለ አባትየው።

«ሦስት።»

«ሦስቱን ለመደረብ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

ሂልዲንግ ጣቶቹን አየ።

«ግማሽ ቀን» አለ።