እጁ ጆሮው ላይ ያልደረሰ

«ሳብ አድርገው! ትንሽ ነው የቀረህ» አለችው እህቱ ሠናይት ከመመዝገቢያው ጠረጴዛ።

ዘሥላሴ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ለመንካት ምላሱን እስኪያወጣ ታገለ። ጣቶቹ ፀጉሩ ውስጥ ቆሙ። አንገቱን ሰበር አድርጎ ጆሮውን ወደ እጁ ሊያመጣው ሞከረ፤ የወላጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ኪዳነወልድ ግን ይህችን ዘዴ ከብዙ ልጆች አይተዋታል።

«አልደረሰም። ለከርሞ ይምጣ። ቀጣይ!»

ሠናይት እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። ስምንተኛ ክፍል ልትገባ ነው፤ ለምዝገባው የተጠራችው የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምር ነበር። የገዛ ወንድሟን ዘልላ የሚቀጥለውን ስም መጻፍ ከበዳት። ዘሥላሴ አላለቀሰም። በትምህርት ቤቱ ግቢ ካለው ዛፍ ሥር ሄዶ ብቻውን መሞከሩን ቀጠለ።

ከአንኮበር ቁልቁል ባለችው በዚያች ቀበሌ ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው ከድሮ ጀምሮ እንዲህ ነው። እጁ ጆሮውን ከነካ ይገባል፤ ካልነካ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዘንድሮ ግን የግዴታ መግቢያው ከሰባት ዓመት ወደ አምስት ወርዷል። ዕድሜው ወረደ እንጂ ጆሮ ቦታውን አልለቀቀም፤ የአምስት ዓመት ልጅ እጅ ደግሞ እዚያ አይደርስም። ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

እስከ እኩለ ቀን ሠላሳ አራት ልጆች ተመዘገቡ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ዋሴ ደስ አላቸው። «አንድ ክፍል ይበቃናል፤ አሮጌው መጋዘን ይጠረጋል። ነገ የትምህርት ባለሙያዋ ከወረዳ መጥተው ቁጥሩን ይወስዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ በጀቱ ይዘጋል» አሉ።

ሠናይት ቤት ስትደርስ አባቷን ቄስ ወልደአረጋይን የክርስትና መዝገቡን ለመነቻቸው።

«ምን ልታደርጊበት?»

«አምስት ዓመት የሞላቸውን ልቆጥር፣ አባዬ።»

«እንግዲያው እጅሽን ታጠቢ።»

ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ስለምትጠመቅ ከየቀኑ ወደ ኋላ እየቆጠረች የልደታቸውን ጊዜ አወጣች። የታችኛው ሰፈር ሙስሊም ልጆች መዝገቡ ላይ ስለሌሉ ራሷ ወረደች። እናቶቻቸው አንዷ «በረመዳን»፣ ሌላዋ «በአረፋ ማግስት» እያሉ ነገሯት። የተመዘገቡትም የተመለሱትም አንድ ላይ ሲደመሩ ሰባ አንድ ሆኑ።

እየሮጠች ለክፍል ጓደኛዋ ለኤፍሬም ነገረችው። እሱ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ሰባ አንድ ማለት ሁለት ክፍል ነው። ሁለተኛው ክፍል የታለ?»

ሠናይት ገባት። ያለው ትርፍ ክፍል እነሱ ስምንተኞቹ ለፈተና የሚያጠኑበት የንባብ ቤታቸው ብቻ ነው። በበጋው ቅዳሜ ቅዳሜ ጭቃ እያቦኩ የመረጉት፣ ኤፍሬም ራሱ ሰሌዳውን የሰቀለው ቤት። አምና ሚኒስትሪ ከተፈተኑት ግማሾቹ ወድቀዋል፤ ዘንድሮ እነሱ ናቸው ተፈታኞቹ። ቁልፉ በክር ታስሮ እሷው አንገት ላይ ነበር።

«ባክሽ አታካብጂው። ሠላሳ አራት ተብሏል፣ ሠላሳ አራት ነው። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥይ።»

«ዘሥላሴስ?»

«ለከርሞ ይገባላ። ምን ይጎድልበታል?»

ሠናይት ክፍሉን ትወደዋለች። እቤት ውስጥ እሷ ደብተር በዘረጋች ቁጥር አንድ ሥራ አይጠፋም፤ እዚያ ግን ማንም አይጠራትም። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ይህን በማሰቧ በራሷ ተናደደች።

በማግስቱ ወይዘሮ አልታየች የሚባሉት ባለሙያ መጡ። አቶ ዋሴ ቁጥሩን አነበቡላቸው። ሠናይት የጠረጴዛው ጫፍ ላይ መዝገቡን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ኤፍሬም በመስኮት ያያል።

«ሠላሳ አራት። አንድ መምህር» አሉና ወይዘሮ አልታየች ሊፈርሙ ጎንበስ አሉ።

«ሰባ አንድ ናቸው» አለች ሠናይት። ድምጿ ስለቀጠነባት ደገመችው። «ሰባ አንድ።»

«ሁሉንም ለካን እኮ፣ ልጄ» አሉ አቶ ኪዳነወልድ።

«ጋሼ፣ ጆሮ የሚያስነካው የሰባት ዓመት ልክ ነው። አምስት የሞላቸውን በሙሉ መልሰናቸዋል።» መዝገቡን ገለጠችው።

ወይዘሮ አልታየች መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ሰባ አንድ ማለት እኮ ሁለተኛ መምህር ነው። መጽሐፉም ምንጣፉም እጥፍ ይሆናል። ይኼ ሁሉ የሚወጣው ከሕዝብ ኪስ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ወረቀቱ ላይ ብናሳንሳቸው ልጆቹ አያንሱም። ለከርሞ ከታናናሾቻቸው ጋር ተደርበው ይመጣሉ፤ ያኔ ወጪው ይብሳል።»

ባለሙያዋ ገጹን እየገለጡ ራሳቸው ቆጠሩ። የታችኛውን ሰፈር ዝርዝርም ጨመሩ። ከዚያ ሠላሳ አራትን ሰርዘው ሰባ አንድ ጻፉ። አቶ ኪዳነወልድ እጃቸውን በአናታቸው አሳልፈው የራሳቸውን ጆሮ ነኩ። «ሠላሳ ሰባት ልጅ መልሻለሁ» አሉ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ትንሽ አፍረው ሳቁ።

«መምህሩን እኔ አስልካለሁ። ሁለተኛውን ክፍል ግን ከእናንተ ነው የምፈልገው። አላችሁ?» አሉ ወይዘሮ አልታየች።

ሳቁ ቆመ። አቶ ዋሴ መሬት መሬቱን ያያሉ። የስምንተኞቹን የንባብ ቤት መጠየቅ አልሆንላቸው ብሏል። ሠናይት ወደ መስኮቱ ሳታይ ክሩን ከአንገቷ አውልቃ ቁልፉን መዝገቡ ላይ አኖረችው።

ከዚያ አቶ ኪዳነወልድ ተነሡ። «ከመስቀል በኋላ ደቦ እጠራለሁ። የመለስኳቸው ልጆች አባቶች በሙሉ ይወጣሉ፤ ለስምንተኞች ሌላ ቤት ይሠራል። ጭቃውን የምረግጠው እኔ ነኝ» አሉ። ጭብጨባው ሲነሣ ሠናይት ፈገግታዋን መደበቅ አቃታት። መስኮቱ ጋ ግን ኤፍሬም አልነበረም።

አመሻሽ ላይ ዘሥላሴን ይዛ መጽሐፎቹን ከንባብ ቤቱ ልታወጣ ሄደች። ከውስጥ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። ኤፍሬም ቁልፉን ከአቶ ዋሴ ተቀብሎ የሰሌዳውን ሚስማሮች እየነቀለ ነበር።

«አሁንም ተናድጃለሁ፤ እንዳትሳሳቺ» አላት ሳይዞር። «ግን እዚህ ላይ ከተሰቀለ ማን ይደርስበታል? ያዥልኝ እስቲ።»

ሰሌዳውን ይዘው ዝቅ አደረጉት። ኤፍሬም ትንሹን ልጅ ጠራው። «እጅህን ዘርጋ።»

ዘሥላሴ ከልማድ እጁን በአናቱ ላይ አሳለፈ።

«እንደሱ አይደለም። ወደፊት።»

ልጁ እጁን ዘረጋ። መዳፉ ሰሌዳው መሐል አረፈ።

ኤፍሬም ሚስማሩን መታው። ሠናይት ከኪሷ ጠመኔ አውጥታ ለወንድሟ ሰጠችው።