ሰይፍ የጫነች ጀልባ

ባሕሩ ጋሻ የተፋው የሰርማት ሕዝብ አዲሱን ዓመት ሊቀበል ሽር ጉድ በሚልበት ሰሞን ነበር። ዓሣ አጥማጆች ማለዳ ወደ ጠረፉ ሲወርዱ የመዳብ ባሕር እንደ ወትሮው ቀልቶ ተኝቷል፤ አሸዋው ግን አይታይም። ከዳር እስከ ዳር በጋሻ ተሸፍኗል። ከጎሽ ቆዳ የተሠራ፣ በእምብርቱ ላይ የባለቤቱ ቤተሰብ ምልክት የተሣለበት የዘማቾች ጋሻ። ጋሻው አለ፤ ጋሻውን ያነገበው ክንድ የለም።

ወሬው ከተማዋን እንደ ሰደድ እሳት አዳረሳት። እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ባሕሩ ጎረፉ። እየተጋፉ፣ ጋሻውን እየገለበጡ ምልክት ይፈልጉ ጀመር። ያገኘችው ትጮኻለች፤ ያላገኘችው ካገኘችው ብሳ ትንቆራጠጣለች።

ዘምራ በዚያ መካከል ነበረች። ሙያዋ አልቃሽነት ነው፤ ከእናቷ የወረሰችው። በሰርማት ሰው ሲሞት እሷ ትጠራለች፤ የሟቹን አኗኗርና አሟሟት ጠይቃ በሙሾ ታወጣዋለች። ዕድሜዋ ገና ሃያን ቢያልፍ ነው፤ ድምፅዋ ግን ድንጋይ ያስለቅሳል ይባልላት ነበር። ያን ቀን ተንበርክካ አንዱን ጋሻ ስትገለብጥ ሁለት ክንፍ ተሥሎበት አገኘችው። የወንድሟ የያሬም ነው።

«ዘምራ፣ አልቅሽልን!» አሉ ሴቶቹ ከበዋት። «ሐዘናችንን አፍ አውጪለት!»

የወንድሟን ጋሻ ደረቷ ላይ አስጠጋች።

«እንዴት ሞቱ?» አለች። «የት ወደቁ? ዓይናቸውን የከደነላቸው ማነው? ይህን ሳላውቅ ምን ብዬ ላልቅስ?»

ይህን የሚያውቅ በከተማዋ አልነበረም። ጦሩ ባሕር ተሻግሮ ወደ ኮራዝ ምድር ከዘመተ ዓመታት አልፈዋል። በመጀመሪያ መርከቦች ይመላለሱ ነበር፤ ኋላ ግን ጉርማይ የተባለው የጥልቁ ዘንዶ ከእንቅልፉ ነቅቶ ባሕሩን ዘጋው። የሄደ መርከብ አይመለስም፤ የመጣም አይደርስም።

ንጉሥ ሐርሴም በዚያው ሳምንት ሸንጎ ጠሩ። አደባባዩ ጢም ብሎ ሞላ። አስቀድሞ የተነሣው መካሪው ቢዛን ነው፤ ቃል የማያጥረው፣ ጦርነቱንም ከልቡ የሚያምንበት ሰው።

«የሰርማት ሕዝብ ሆይ! የጀግና ሞት በእንባ አይለካም! እነዚህ ጋሻዎች ፈርተን እንድንቀመጥ አልመጡም፤ ሊጠሩን እንጂ! አሥር ሺህ ጦር ይጨመር! ደማቸው ይመለስ!»

«የማን ልጅ ነው የሚጨመረው?» ብላ አንዲት ሴት ከኋላ ጮኸች። «ከቤቴ የቀረኝ አንድ ነው። እሱንም ልስጥህ?»

«ይመለሱ!» አለ ግማሹ። «ይዝመት!» አለ ሌላው። ጎረቤት ከጎረቤት ተናነቀ። ይሄኔ ሁለት ልጆቻቸውን ለኮራዝ ጦርነት የሰጡት ሽማግሌ፣ የቀድሞው የፈረሰኛ አለቃ ታርጎ ተነሡ።

«የሁለቱንም ልጆቼን ጋሻ አላገኘሁም» አሉ። «ግን ልብ ይነግራል፤ ሞተዋል። አሁን ጦሩ ይመለስ ትላላችሁ። ይመለስና ልጆቼ ለምን ሞቱ ልበል? ደማቸው ደመ ከልብ ሆኖ ይቅር ወይ?»

«ስለ ሞቱት ብለን ያሉትን እንግደል?» አለች ያችው ሴት፤ ግን ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር።

ዘምራ ሁለቱንም ሰማች። ሁለቱም እውነት መሰሏት፤ ያ ነው ያስጨነቃት። ሰዉን እየገፋች ወደ ዙፋኑ ገሰገሰች።

«ንጉሥ ሆይ! ሁላችንም የምንከራከረው ባላየነው ነገር ነው። በእናቴ አጥንት እምላለሁ! ተሻግሬ እውነቱን ሳላመጣ አፌ ለሙሾ አይከፈት፤ በሰርማት ምድር እሳት አልሙቅ!»

ንጉሡ ከዙፋናቸው ጎንበስ ብለው አዩዋት። ከስተዋል፤ ከግምጃው ካባ ሥር የትከሻቸው አጥንት ይታያል። «ሂጂ» አሉ። «እውነቱን ይዘሽ ከተመለስሽ ሸንጎው በእሱ ይፈርዳል። እስከዚያ አንድም ሰው አይዘምትም።»

«እኔም እሄዳለሁ» አሉ ታርጎ ሰይፋቸውን እየጨበጡ። «ለማልቀስ ግን አይደለም። የልጆቼን ገዳይ ፍለጋ ነው።»

ጀልባ የሚሰጣቸው ጠፍቶ ሲንከራተቱ ሎዛም የሚባል ዓሣ አጥማጅ መጣ። ጀልባው ከቀርከሃና ከቆዳ በገመድ የተሰፋች ናት። ለምን እንደፈቀደ ሲጠይቁት «የሚስቴ ወንድም እዚያ ማዶ ነው» አለ። «ሳላመጣው ብቀር ሚስቴ ታኖረኛለች? ዘንዶው ይሻለኛል።»

ጉዞው ዕረፍት አልነበረውም። ነፋሱ አቅጣጫውን ይለዋውጣል፤ ውኃው ያለ ማዕበል ይናወጣል። ታርጎ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ሰይፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይሳሉታል። ያ የመሳል ድምፅ የዘምራን ጥርስ ያፋጨዋል፤ ዝም በሉ ለማለት ግን አልደፈረችም።

የባሕሩ እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ወፎቹ ጠፉ። ውኃው ደም መሰለ። ከዚያም ጉርማይ ተነሣ፤ መጀመሪያ ጀርባው እንደ ደሴት፣ ቀጥሎ ዝገት የለበሰ አንገቱ፣ ከዚያ ዓይን የሌለው ራሱ። ሎዛም መቅዘፊያውን ጥሎ ጸሎት ጀመረ። ዘንዶው አፍንጫውን በዘምራ ፊት አሳለፈው፤ ትንፋሹ የቀጥቃጭ ምድጃ ይሸታል። አልነካትም። ወደ ታርጎ ዞረ።

«ና!» አሉ ሽማግሌው ሰይፋቸውን መዝዘው። «ና፣ የጥልቁ ውሻ!»

አንገቱን በሙሉ ኃይላቸው መቱት። ዘንዶው ሰይፉን በጥርሱ ይዞ ከእጃቸው ነጠቀውና እንደ ሸንኮራ አኘከው። ወደ እነሱ ዘወር እንኳ ሳይል ወደ ጥልቁ ወረደ።

ሎዛም መቅዘፊያውን መልሶ እየጨበጠ «ማረን» አለ።

«አልማረንም» አለች ዘምራ። «አላየንም። ሰው አይደለም የሚሸተው፤ ብረት ነው። በዚች ጀልባ ላይ ያለው ብረት የአባባ ታርጎ ሰይፍ ብቻ ነበር።»

ኮራዝ ሲደርሱ የጦርነት ድምፅ አልነበረም። ኮረብታው ላይ ያለው ምሽግ ደጃፍ ተከፍቶ፣ ጥቂት ቆዳቸው ከአጥንታቸው የተጣበቀ ወታደሮች ብቅ አሉ። አለቃቸው ዮጳን ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ፀጉሩ ግን ሸብቷል።

«ጠላት የታለ?» አሉ ታርጎ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

«ሄዷል፣ አባቴ።»

«የት ሄደ?»

«ቸነፈር ገብቶ እኛንም እነሱንም ፈጀን። ከዚያ ከብታቸውን ነድተው ወደ ተራሮቹ ወጡ። ካለፈው መኸር ወዲህ አንድም ኮራዛዊ አላየንም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?»

ዮጳን ዓይኑን ሰበረ። «ትዕዛዝ። ያለ ንጉሡ ቃል ምሽጉን የለቀቀ ከሃዲ ነው ብለን ምለናል። ኑ ግቡ የሚለን ቃል እንዲያመጡ ቁስለኞቹን በመርከብ ጭነን ላክን። የመርከቡ አለቃ ያሬም ነበር።»

ዘምራ ባሕሩ ስለተፋው ጋሻ ነገረችው። ዮጳን መሬት ላይ ቁጭ አለ። ስትጠይቀው የቀረውን ነገራት፤ ያሬም ቀዛፊዎቹን እያዘፈነ እንደሄደ፣ መርከቡ ከዓይን ከተሰወረም በኋላ ድምፁ ይሰማ እንደነበር። ዘምራ ፊቷን ወደ ምሽጉ ግንብ አዙራ ቆየች።

የታርጎ ልጆች ኮረብታው ጫፍ ላይ ተቀብረው ነበር። ትልቁ በመጀመሪያው ውጊያ ወደቀ፤ ታናሹን የገደለው ጠላት ከሄደ በኋላ የመጣ ንዳድ ነው። ከጎናቸው ኮራዛውያን ተቀብረዋል፤ ድንጋዩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ማን የማን እንደሆነ አይለይም። ታርጎ ከመቃብሮቹ መካከል ተቀመጡ። የሚገድሉት ሰው አልነበረም። ምግብ ቢያመጡላቸው አልቀመሱም፤ ቢጠሯቸው አልሰሙም።

እታች ደግሞ ሌላ ጠብ ተነሣ። ዘምራ የዘንዶውን ነገር ገልጻ መሣሪያቸውን ትተው እንዲሳፈሩ ስትነግራቸው ወታደሮቹ አጉረመረሙ።

«ሰይፉን ጥሎ የገባ ወንድ እናቱ ፊት በምን ዓይኑ ይቆማል?» አለ አንዱ።

«የንጉሡን ቃል ይዘሻል?» አለ ዮጳን።

«አልያዝኩም» አለች ዘምራ። «ንጉሡ የሚያውቁት ነገር ስለሌለ የላኩት ቃል የለም። እኔ ግን አሸዋው ላይ ጋሻ ስትገለብጥ የዋለች እናት አይቻለሁ። ጋሻ ስታጣ እንኳ ደስ አላላትም፤ ነገ ይመጣል ብላ እዚያው አደረች። እንግዲህ ለዚህ ባዶ ኮረብታ የማላችሁት መሐላ ከሷ ይበልጣል ካላችሁ፣ ቅሩ! እኔ ለእናቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ አልመጣም አሉ ብዬ እነግራለሁ!»

አንዱ ሰይፉን ከወገቡ ፈታ። ሌላውም ፈታ።

ግን ዮጳን ራሱን ነቀነቀ። «አይበቃም። የቀረችን አንዲት መርከብ ናት፤ ጣውላዋ የተያያዘው በብረት ሚስማር ነው። ይሸታታል።»

«ከሚስማር የበለጠ ብረት ከሸተተው ግን ወደዚያ ይሄዳል» የሚል ድምፅ ከኋላቸው መጣ። ታርጎ ከኮረብታው ወርደው ነበር። «ሰይፉን፣ ጦሩን፣ የብረት ጥሩሩን ሁሉ በሎዛም ጀልባ ጫኑልኝ። እኔ በደቡብ እቀዝፋለሁ፤ እናንተ በሰሜን ውጡ።»

ሎዛም ፊቱን ሸፈነ። ለጀልባው ይሁን ለሽማግሌው ያለቀሰው፣ እሱም አላወቀውም።

ዘምራ እስከ ውኃው ዳር ሸኘቻቸው። «አባባ፣ እርስዎ የመጡት ለበቀል ነበር።»

«ነበር» አሉ መቅዘፊያውን እያስተካከሉ። «ልጆቼ ለምን እንደሞቱ ዛሬም አላውቅም፣ ልጄ። ኮረብታው ላይ ጠየቅኳቸው፤ አልመለሱልኝም። እኔ ለምን እንደምሞት ግን አውቃለሁ። ይህን ማወቅ ቀላል ነገር አይምሰልሽ። በይ ሂጂ፤ ነፋሱ ሳይዞርባችሁ።»

መርከቧ ከወደቡ ስትወጣ ጀልባዋ በጭነቷ ጎብጣ በደቡብ በኩል ትታይ ነበር። ጉርማይ ከመርከቧ ሥር አለፈ፤ ጣውላው ሁሉ ተነቃነቀ፣ ሚስማሮቹ ከቦታቸው ሊወጡ ተንጫጩ። ከዚያ ዘንዶው ራሱን ወደ ደቡብ አዞረ፤ ውኃውን እንደ ማረሻ እየሰነጠቀ በረረ። ከሩቅ የታርጎ ፉከራ ተሰማ፦

«የታርጎ ፈረስ ባሕር ላይ ጋለበ፣
ብረት ለራበው ብረቱን አቀረበ!»

ባሕሩ አንድ ጊዜ ፈላ። በብረት የጠገበውና የከበደው ዘንዶ እንደ መልሕቅ ወደ ጥልቁ ሰመጠ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ጀልባዋም አልታየችም።

ሰርማት ሲደርሱ ሕዝቡ ጠረፉን ሞልቶት ጠበቃቸው። ልጇን ያገኘች እናት ተንሰፍስፋ ታቅፈዋለች፤ ያላገኘች ደግሞ የሌላውን ልጅ ደረት ትደበድባለች፦ «አንተ እንዴት ቀረህ? የኔ የት ሄደ?» የሎዛም ሚስት ወንድሟን በአንድ እጇ ባሏን በሌላው ይዛ ሁለቱንም ትራገማለች፣ ሁለቱንም ትስማለች።

ቢዛን በሕዝቡ መካከል ሰንጥቆ መጣ። «ሰይፋችሁ የታለ?» አለ ባዶ ወገባቸውን እያየ። «መሣሪያውን ጥሎ የገባ ወታደር በሰርማት ሕግ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ!»

ወታደሮቹ አንገታቸውን ደፉ። ይሄኔ ዘምራ ጋሻዎቹ ከተከመሩበት ላይ ወጣች። ንጉሡ ባሉበት፣ ሕዝቡ በሚሰማበት፣ ድምፅዋን አወጣች፦

«ጠላቱ ከሄደ ከርሞ ሰነባብቶ፣
ሰው ኮረብታ ይዞ ይሞታል ወይ ከቶ?
ኑ ግቡ የሚል ቃል ከደጃችን ጠፍቶ፣
መልእክተኛ ሞተ ባሕር መኻል ገብቶ።»

ከዚያ ሙሾውን ትታ በተራ ንግግር ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስለ ባዶው ኮረብታ፣ ስለ ንዳዱ፣ ስለ ያሬም መርከብ፣ ስለ ታርጎ። ስትጨርስ አንዲት አሮጊት ከሕዝቡ መካከል ወጡ። የታርጎ ሚስት ሐመርት ናቸው። በቀጥታ ቢዛን ፊት ሄደው ቆሙ።

«ሰይፉን ነው የምትፈልገው?» አሉት። «ባሌ ጋ ነው። ሂድና ተቀበለው።»

የቢዛን ዓይኖች ወደ ባሕሩ ሄዱ፤ እንደገና ወደ አሮጊቷ መመለስ ግን አልሆነላቸውም።

ንጉሥ ሐርሴም ዘውዳቸውን አውልቀው ለቅሶ ደራሽ እንደሚቀመጠው አሸዋው ላይ ተቀመጡ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ኑ ግቡ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ከዛሬ ጀምሮ በኮራዝ ላይ ጦር የለም።» አንዳንዱ አለቀሰ፤ አንዳንዱ ጥርሱን ነክሶ ሄደ። ክርክሩ ያን ቀን አላበቃም፤ በየመሸታ ቤቱ፣ በየእድሩ ለዓመታት ቀጠለ።

ዘምራ ያን በጋ በሙሉ ከዮጳን ጋር ቤት ለቤት እየዞረች ለየቤተሰቡ የልጁን አሟሟት ነገረች። አንዳንዱ ቤት እግሯን አጠቡላት። አንዳንዱ ቤት «ያንቺ እውነት ልጄን አይመልስልኝም» ብለው በር ዘጉባት። የሐመርትን ቤት ግን ለመጨረሻ አቆየችው።

አሮጊቷ ምስር እየለቀሙ ነበር። ስለ ልጆቻቸው ነግራቸው እስክትጨርስ ቀና አላሉም።

«ሲሄድ ምን አለ?» አሉ በኋላ።

«ፎከሩ፣ እማማ።»

«ምን ብሎ?»

ዘምራ ፉከራውን እንደሰማችው አለችላቸው። ሐመርት እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ሳይታሰብ ሳቁ።

«የኔ ባል!» አሉ። «አርባ ዓመት ፎክሮ አንድ ቀን ግጥም አምሮለት አያውቅም።»

ማልቀስ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።